«እናቴ ረስታኛለች፤ በሰማይስ ታውቀኝ ይሆን?»

የፍቅሩና የትዳሩ ጉዳይ ለዛሬ ይቆየን። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷ እንቅልፍ ነስታኛለችና ስለሷ ላጫውታችሁ።

ጸሐፊዋ እዚሁ አዲስ አበባ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟን እንዳላነሳ አደራ ብላኛለች። እናቷ መርሳት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ ነበር የሚጠፋቸው፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቻቸው ስም። አሁን ልጃቸውን እሷን ራሷን ትክ ብለው እያዩ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ማጠቡን፣ ማጉረሱን፣ ሌሊት ተነስተው ሊወጡ ሲሉ መመለሱን ሁሉ ችላዋለች። ያላስቻላት ሌላ ነው። «እናቴ እኔን እንደረሳች ብትሞት ነፍሷ ታስታውሰኛለች? ወይስ በሰማይ ቤትም ስንገናኝ የማን ልጅ ነሽ ልትለኝ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።

እስቲ እናንተው ፍረዱ! ይኼ ለእኔ የሚቀርብ ጥያቄ ነው? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዚያው የቀረሁ፣ እንኳን የሰማዩን የምድሩንም ነገር በቅጡ ያላወቅሁ ሴት ነኝ። ለአባቶች ትቼው ላልፍ ነበር። ግን ይኸው ጥያቄ በእኛም ቤት ገብቶ፣ አጎቴን ከቄስ ጋር አኳርፎ፣ በሬ ሊያሸጥ ደርሶ ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ሊቅ ሆኜ ሳይሆን ያየሁትንና የሰማሁትን ልንገርሽ።

ባለ ሦስት ስሟ አያቴ

እናቴ የወሎ ልጅ ናት፤ የቦረና፣ የመካነ ሰላም። ቦረና ስል የደቡቡ እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ቦረና ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘው፣ የለጋምቦን ብርድና የአቀስታን ጭጋግ አልፈው የሚደርሱበት፣ ጫፉ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ደጋ ነው። እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቅሬ ማለት አዲስ አበባ እድር የምንለው ነው።

አያቴ ይኖሩ የነበሩት ከከተማዋ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው «እማሆይ» ተብለዋል። ስለዚህ ሦስት ስም ነበራቸው ማለት ነው። አንዱ እናት አባታቸው ያወጡላቸው የዓለም ስም፣ ሁለተኛው በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሱ ቄስ ያወጣላቸው የክርስትና ስም፣ ሦስተኛው የቆብ ስማቸው። መነኩሴ ለዚህ ዓለም የሞተ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሲመነኩሱ የሙታን ጸሎት በቁማቸው ተደግሞላቸዋል። ልጅ ሆኜ ይህን ሲነግሩኝ «እኔ እኮ አንዴ ሞቻለሁ፤ የቀረኝ መቀበር ብቻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ተረት ሲያወሩልኝ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የአባ ጊዮርጊስን ታሪክ ነበር። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ገዳማቸው ዛሬም እዚያው ቦረና ውስጥ አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉ፣ ሰዓታቱን የደረሱ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ታድያ እኚህ ሊቅ ልጅ ሳሉ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ገብተው ቀለም አልገባ ብሏቸው፣ ጓደኞቻቸው እየሳቁባቸው እህል ሲፈጩ ኖረዋል ይባላል። በመጨረሻ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዐ ልቡና አጠጣቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሰሙት ሁሉ አልጠፋቸውም። እኔ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ስቀር አያቴ «አይዞሽ፣ አባ ጊዮርጊስም መጀመሪያ እንዳንቺው ነበሩ» ይሉኝ ነበር። በማትሪክ ግን አልሠራልኝም!

መርሳት ከጀመራቸው በኋላም ያን ጽዋ አልረሱትም። የሰው ስም ሲጠፋቸው «እኔንም ታጠጣኝ እንጂ» ይሉ ነበር።

በአንድ ምሽት ሦስት መርዶ

በጥር 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እናቴና እኔ ሄድን። ደጃፍ ላይ አገኘናቸው። እኔን በሞተችው አክስቴ ስም ጠርተው ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴን ግን እጅ ነስተው «እንግዳ፣ ግቢ» አሏት። የገዛ እናቷ! እናቴ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ሲመሽ አያቴ «ያ ሰው ከገበያ አልተመለሰም?» ብለው ጠየቁ። ባላቸውን ማለታቸው ነው። አያቴ ወንዱ የሞቱት በ2001 ዓ.ም. ነው። የአጎቴ ሚስት ቀጥ ያለች ሴት ናትና «እማሆይ፣ ሞተዋል እኮ!» አለች። አያቴ ደረታቸውን መቱ፤ አለቀሱ፤ «ማን ነገራችሁ? መቼ? ለምን ሳልቀብረው?» አሉ። ትኩስ ሐዘን ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ያ ሰው ከገበያ አልተመለሰም?» አሉ። እናላችሁ በዚያች አንድ ምሽት ሦስት ጊዜ መርዶ ተረዱ።

በማግስቱ እኔ ዘዴ ለወጥኩ። ሲጠይቁኝ «ምን ሊገዙ ሄዱ እማሆይ?» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ጨውና በርበሬ፣ ለሷም አንድ ሻሽ ሊገዛ እንደሄደ፣ በቅሎዋ ነጭ እንደሆነች፣ እሱ ሲመለስ ከሩቅ እንደሚያፏጭ አጫወቱኝ። ጥያቄውም ቆመ። እናቴ «መዋሸት አይሆንም?» ብላ አኮረፈችኝ። እኔ ግን አልዋሸሁም፤ ጠየቅሁ እንጂ። እህቴ፣ አንቺም እናትሽ ስለ ሞተ ሰው ሲጠይቁሽ በየቀኑ አታርጂያቸው። ስለዚያ ሰው እንዲያወሩ በር ክፈቺላቸው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ይህን ነገር «እርጅና ነው» ብሎ መተው ጥሩ አይደለም። አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. የመርሳት በሽታን ካሳወቀ ወዲህ ብዙ ተመርምሯል። እሱ ያገኘው ዓይነት እስካሁን ፈውስ የለውም። ነገር ግን የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ከባድ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ሰውን ያስረሳል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ሐኪም ይያቸው። እንደሚባለው በበሽታው ቀድሞ የሚሄደው የትናንቱ ነው። የልጅነቱ፣ አፍ የለመደው ጸሎትና ዘፈን ብዙ ይቆያል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የጠፋው ስም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ1977ቱ ረሃብ አያቴ ከባላቸውና ከአራት ልጆቻቸው ጋር ወደ ደሴ መንገድ ወጥተው ነበር። እህል ይታደላል ሲባል ሰምተው ነው። እናቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ አጎቴ ስምንት ዓመቱ ነበር። ትንሹ ወንድማቸው አራት ዓመቱ ነበር። መንገድ ላይ አረፈ። ቄስ የለ፣ ከፈን የለ። በአያቴ ነጠላ ጠቅልለው ከመንገዱ ዳር ቀበሩትና ድንጋይ ከመሩበት። እናቴ ስለዚያ ቀን ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ «ነጠላው ያጥር ነበር» ብላኛለች።

ፍትሐት አልደረሰለትም። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ... አንዱም አልወጣለትም። በኋላ እህል ሲገኝ የሞተው ሰው ብዛቱ ተዝካር የማያስወጣ ነበር።

አያቴ እናቴን ረስተዋል፤ ያን ልጅ ግን አልረሱም። እኩለ ሌሊት ላይ ይነሱና «ልጁ በርዶታል፤ አስገቡት» ይላሉ። በሩን ካልከፈቱላቸው አይተኙም። አጎቴ ይህን በየሌሊቱ ሲሰማ ከርሞ አንድ ነገር ቆረጠ። የልጁ ነፍስ ዕረፍት ስላጣች ነው፣ ተዝካሩ መውጣት አለበት አለ። ከ38 ዓመት በኋላ! ጥንድ በሬ አለው፤ አንዱን ሸጦ ድንኳን ሊጥል፣ ጠላ ሊያስጠምቅ፣ ለእስላም ጎረቤቶቹ ለብቻ በራሳቸው ሰው የሚታረድ በግና ቀሪቦ ሊያዘጋጅ አሰበ። አገሩ እንደዚያ ነው፤ ድግሱ ያለ ጎረቤት አይደምቅም፣ ጎረቤትም በሃይማኖቱ አይነካም።

ቄሱ ዘንድ ሄደ። ቄሱ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

አጎቴ አፉን ያዘ። አያውቀውም! እናቴም አታውቀውም። ቤት ውስጥ የሚጠራበትን ስም እንጂ የክርስትናውን የሰማ የለም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በቅዳሴም ሆነ በፍትሐት ሰውን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ፣ ወለተ እገሌ ብላ ነው። ለምን አልታወቀም ትሉ ይሆናል። እናቶቻችን የልጅ ክርስትና ስም ይደብቃሉ። በዚያ ስም ድግምት ይሠራበታል፣ መተት ይተበተብበታል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ የሚያውቁት እናት፣ አባት፣ የክርስትና አባትና የነፍስ አባት ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ አፈር ለብሰዋል። የቀሩት አያቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የጠዋት ቁርሳቸውን አያስታውሱም። ጉድ በሉ! ልጁን ከድግምት ያዳነ ምሥጢር ከጸሎት አስቀረው።

እናቴ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። «ያ ትንሹ ልጅዎ፣ ቄስ ማን አለው?» አያቴም በጥርጣሬ አዩዋትና «ለእንግዳ ሰው አይነገርም» አሏት። ረስተውት ይሁን ደብቀውት ማን ያውቃል?

አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አሉ፤ የአያቴ እኩያ፣ በ1977ቱም መንገድ አብረው የወጡ። ቡና ላይ ነገሩን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ክርስትናው የዋለው በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ለኛ ለብቻ የታረደውን በልቼ ነበር» አሉ። «ስንቀብረው ደግሞ እናቱ በማላውቀው ስም ጠራችው፤ ሦስት ጊዜ። ስሙ ግን ከጆሮዬ ወጥቷል፣ ልጄ። እኔም በበኩሌ ዱዓ አድርጌለታለሁ።» አጎቴ ዘሎ ተነሳ፤ «እንግዲያው ወልደ ጊዮርጊስ ነዋ!» አለ። ቄሱ ግን አልተቀበሉትም። ገብረ ጊዮርጊስም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ስም በዕለቱ ብቻ አይወጣም፣ የሰው ነፍስም በግምት አትጠራም አሉት። አጎቴ አኮረፈ።

ከጥዱ ሥር

እኔ በበኩሌ ነገሩ ስላሳሰበኝ ብቻዬን ወደ ቄሱ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እህቴ፣ የጠየቅኋቸው ልክ አንቺ የጠየቅሽኝን ነው። «አባ፣ አያቴ እናቴን ረስተዋታል። ነፍስም ትረሳለች?»

«ነፍስ ሦስት ባሕርይ አላት» አሉኝ። «ልባዊት ናት፣ ነባቢት ናት፣ ሕያዊት ናት። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች። አራቱ የሥጋ ባሕርያት ግን፣ መሬቱ፣ ውኃው፣ ነፋሱ፣ እሳቱ፣ ይደክማሉ። የፋኖስ መስታወት ጥላሸት ሲይዘው ቤቱ ይጨልማል። እሳቱ ግን ውስጥ አለ።»

እንዴት አወቁ አልኳቸው። (ድፍረቴን አያችሁ!) ከሉቃስ ወንጌል የሀብታሙንና የአልዓዛርን ታሪክ አነሱልኝ። ሀብታሙ ሞቶ ሲኦል ከወረደ በኋላ አብርሃምን ከሩቅ አወቀው፣ አልዓዛርን በስሙ ጠራው፣ አምስት ወንድሞች እንዳሉት አስታወሰ፣ ለእነሱም ተጨነቀ። በሥጋ ያለ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ ማለት ነው። ደብረ ታቦር ላይም ሙሴና ኤልያስ ታይተዋል፤ ሙሴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ማንነቱ ግን አልጠፋም። እናቴ «እንግዳ፣ ግቢ» ከተባለች ወዲህ የሰማሁት ደስ የሚል ነገር ይኼ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጴንጤ ነው። «ሙታን ምንም አያውቁም ይላል መጽሐፉ፤ ጸሎታችሁም አይደርሳቸውም፤ ሰው አንዴ ከሞተ በኋላ ፍርድ ነው» ብሎ ሲከራከረኝ ኖሯልና እሱንም አነሳሁት። ቄሱ አልተቆጡም። ያ የመክብብ ቃል የተነገረው ጌታ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ከማውጣቱ በፊት ነው ብለው አስረዱኝ። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወይ ገነት ወይ ሲኦል ትቆያለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከትንሣኤ ሙታን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስለሆነ ነው የምንጸልየው አሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን አይቀበልም፤ እሱን እዚህ አላስታርቀውም።

አንድ ነገር ግን ሆዴን በላኝ። ሀብታሙ አስታወሰ፤ ሥቃዩም ግማሹ ያ ማስታወሱ አይደለም? ታድያ አያቴ ገነት ገብተው ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ሲታወሳቸው ያ መንገድ ዳርም ይታወሳቸዋል፤ ያ ነጠላም፣ ያ ድንጋይም። ምናልባት መርሳት ምሕረት ቢሆንስ? ይህን ጠየቅኋቸው። ቄሱ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጌታ ከሞት ሲነሳ ቁስሉን አጠፋው?» ብለው ጠየቁኝ። አላጠፋውም አልኩ። «ለቶማስ እጁን አሳየው፤ የችንካሩ ምልክት ነበረ። ያማል ግን ተብሎ አልተጻፈም። የአያትሽም እንደዚያ ነው የሚሆነው።»

በእምነት የማትስማሙ አንባብያን ትኖራላችሁ። እኔም ሁሉም ጥርጣሬዬ አልወጣም። ይህችኛዋ መልስ ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

ስለ በሬውም አንስቼ ነበር። ቄሱ ተዝካር ማለት ከግእዙ ዘከረ ከሚለው የመጣ እንደሆነ፣ ማስታወስ ማለት እንደሆነ፣ ዘካርያስ የሚለውም ስም እግዚአብሔር ያስታውሳል ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ፍትሐት ደግሞ መፍታት ነው። «የአራት ዓመት ሕፃን፣ በዚያ ላይ የተጠመቀ፣ ምን የሚፈታ ዕዳ አለበት? ያልተፈታችሁት እናንተ ናችሁ። በሬው ይረስ። ጧፍና ዕጣን አምጡ፣ ድፎ ዳቦና ንፍሮ ለነዳያን አብሉ፣ በቃ።» ይህን ለአጎቴ ሳደርስ «ሰው ምን ይለናል!» ነበር የመጀመሪያ መልሱ። ስንቱን ቤት ያራቆተች ይህች «ሰው ምን ይለናል» ናት። ተዝካር አውጥቶ ዘሩን የበላ ገበሬ ወሎ ውስጥ አንድ ሁለት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ መንገድ ዳሩ መቃብር አጎቴን ያረጋጋው ሌላ ታሪክ ነው። ከአንድ መምህር በተዋስኩት መጽሐፍ ያነበብኩት ነው። አውግስጢኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን አባት ሰሜን አፍሪካዊ ነው፣ የዛሬዋ አልጄሪያ ሰው። እናቱ ሞኒካ ከባሏ ጎን ለመቀበር ቦታ አዘጋጅታ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. ግን ከአገሯ ርቃ፣ ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የወደብ ከተማ ታመመች። ያኔ ስለ መቃብሯ ቦታ እንዳይጨነቁ፣ የትም ቢሆን እንዲቀብሯት፣ በመሠዊያው ፊት ብቻ እንዲያስታውሷት ልጆቿን ለመነች። እዚያው ቀበሯት። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ከአገሯ ርቃ?» አለ። «አዎ፣ ባሕር ማዶ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ በሬው አላነሳም።

አሥራ አንድ ስም

ስሙ ግን አልተገኘም። ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ከአያቴ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝቼ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ተነሱ። ልጁ በርዶታል ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ፊደል የማይለዩ ሴት፣ ልጃቸውን የረሱ ሴት፣ አንድ ቃል ሳይስቱ ያደርሱት ጀመር! ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? አፍ የለመደው ይቆያል።

ጸሎቱ ሲያልቅ አላቆሙም። በዚያው ዜማ፣ በዚያው ፍጥነት ስም መጥራት ጀመሩ። ወልደ እገሌን፣ ወለተ እገሌን፣ ገብረ እገሌን አስብ እያሉ። የሞቱባቸውን ሁሉ በክርስትና ስማቸው! ለካ ይህን በየንጋቱ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ቤተሰቡ ተኝቶ ስለሚሆን የሰማ የለም። እንባዬ ወረደ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ስልኬን አብርቼ ጻፍኩ። በማግስቱም ንጋት ተነስቼ አመሳከርኩ። ያው ስም፣ ያው ቅደም ተከተል። አሥራ አንድ ናቸው። ወልደ የሚሉ አራት፣ ገብረ የሚሉ ሁለት፣ ወለተ የሚሉ አምስት። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ አያቴ ለእንግዳ ሰው አይነገርም ብለዋል።

ታድያ የልጁ የትኛው ነው? ከስድስቱ የወንድ ስሞች አንዱ መሆን አለበት። ባላቸው አሉበት፣ አባታቸው አሉበት፣ ወንድሞቻቸው አሉበት። «ይኼ የማን ነው?» እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። በሁሉም ላይ «የኔ ነው» አሉኝ። አጎቴ በጉጉት የሚጠብቀው ጊዮርጊስ የሚለው ስም ደግሞ ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለም። ሙስሊሟ ጎረቤት ይህን ሲሰሙ «ቀኑን አልሳትኩም፤ ስሙን ቄስ እንደፈለገ ያውጣ!» ብለው ሙጭጭ አሉ።

ወረቀቷን ለቄሱ ሰጠናቸው። አነበቧትና «ሁሉንም እጠራለሁ፤ ልጁ ሲጠራ ይሰማል» አሉ። በእሑዱ ቅዳሴ አሥራ አንዱም ተጠሩ። እናቴ በእያንዳንዱ የወንድ ስም ላይ አንገቷን ደፋች፤ ስድስት ጊዜ። ድፎ ዳቦውና ንፍሮው ለነዳያን ደረሰ። አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ዋሉ። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ሌሊት «ልጁ በርዶታል» ማለታቸውን አቆሙ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አላቆሙም። አጎቴ ነው የለወጠው። እየተነሳ በሩን ይከፍትና «ገብቷል፣ እማሆይ» ይላቸዋል። ያኔ ይተኛሉ።

በሬው አልተሸጠም። አጎቴ ግን ሁለት በግ ሸጦ አያቴን ደሴ አሳከማቸው። ሐኪሙ ደማቸው አንሷል ብሎ የሚዋጥ ሰጣቸው። ጉልበት አገኙ፤ መርሳቱ ባለበት ቀጠለ።

እህቴ፣ እናትሽ ስትጸልይ ሰምተሻት ታውቂያለሽ? አንድ ንጋት አብረሻት ተኚ። ወረቀትና እርሳስም አጠገብሽ ይሁን።

አያቴ በኅዳር 2016 ዓ.ም. አረፉ። መኪና አልነበረም፤ ለቀብሩም ለአርባውም አልደረስንም። አጎቴ ቀስ ብሎ በስልክ ነገረን። ቄሱ ያቺን ወረቀት መጽሐፈ ግንዘታቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ኖሯል። አውጥተው አሥራ አንዱን ጠሩ፣ ከዚያ የአያቴን አሥራ ሁለተኛ አድርገው ጨመሩ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «በየትኛው ስሟ ጠሩልኝ? በክርስትናው ነው በቆቡ?» አለችው።

«በሁለቱም» አላት።